አባቴ አንድ ቀን ብቻ የተቀመጠበት ወንበር

አባቴ የቤተሰባችን ብስኩት ኩባንያ ሊቀ መንበር ሆኖ ኖሮ ሊቀ መንበር እንደሆነ ሞተ። በዚያ ሁሉ ዓመት በሊቀ መንበሩ ወንበር ላይ የተቀመጠው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠውም የእኔ ስንፍና ነው። ይህን ለመጻፍ ፀጉሬ እስኪነጣ መጠበቄ ራሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ይናገራል።

ኩባንያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ፒያሳ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ግሪክ ዳቦ የሚጋግርበት ፉርኖ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ በዚህ ፉርኖ እሳት አንዳጅ ሆኖ ተቀጠረ። ከእሳት አንዳጅነት ወደ አቡኪነት፣ ከአቡኪነት ወደ ጋጋሪነት ከፍ አለ። ጠላት ከወጣ በኋላ ግሪኩ ወደ አገሩ ሲመለስ የፉርኖውን ጠባይ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ስላልነበረ ለእሱው አስረክቦት ሄደ። ይህን ሰው ቤተሰቡ በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚለው፤ እኔም ጋሼ እለዋለሁ። ፊት ለፊት ስንሆን አባቴንም እሱንም አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት። እዚህ ግን አንቱታው ስለሚያርቅብኝ ትቼዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጋሼ ፊደል አልቆጠረም። ታናሽ ወንድሙን፣ አባቴን፣ ግን ገና ልጅ ሳለ ከአገር ቤት አስመጥቶ ትምህርት ቤት አስገባው። አባቴ እንደሚያጫውተኝ ጋሼ ከሥራ ሲመለስ ደብተሩን ያስገልጠውና ምንም ሳይገባው ገጹን በጣቱ እየተከተለ ይመለከት ነበር። የተጻፈው ብዙ ከሆነ ደስ ይለዋል፤ ትንሽ ከሆነ «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብሎ ይቆጣል። አባቴ ጋሼን ለማስደሰት ሲል ፊደሉን ትልልቅ እያደረገ ገጽ ይሞላ እንደነበር ይነግረኝና ይስቃል። መምህሩ ወረቀት በማባከን ሲገርፈው እንኳ አልተወም።

አባቴ አማርኛውን በደንብ፣ ፈረንሳይኛውን ለመግባባት ያህል ተማረ። ዳቦ ብቻ ያወጣ የነበረውን ፉርኖ ብስኩት እንዲያወጣ ያደረገው እሱ ነው። ማሽኑን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዛ፤ ፈቃዱን ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ተመላልሶ አወጣ፤ የመጠቅለያውን ቀለም እንኳ ራሱ መረጠ። በኋላ ሁለት የአክስታቸው ልጆች ገቡበትና ኩባንያ ሆነ። ኩባንያ ደግሞ ሊቀ መንበር ያስፈልገዋል ሲባል ጋሼ «የሚያነበው ይሁን» አለ። ምርጫው በዚሁ አለቀ።

ጣጣው የመጣው በወንበሩ ነው። ግሪኩ ትቶት የሄደ ባለ ክንድ ትልቅ ወንበር ነበር፤ በጠረጴዛው ራስጌ ተቀመጠ። አባቴ ታላቁ ከጎን ተቀምጦ እሱ ራስጌ ሲቀመጥ በጭራሽ ሊታየው አልቻለም። ስለዚህ ስብሰባ ሲኖር ጋሼ እስኪገባ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሼ ዱቄቱን እያራገፈ ይመጣና ትልቁ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አባቴ በቀኙ ተራ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ስብሰባውን ይመራል። ጋሼ ሲጋግር የሚያድር ሰው ስለሆነ ሁለተኛው ጉዳይ ሳይነሣ እንቅልፍ ይወስደዋል። የፒያሳ ሰው ምላስ አያርፍምና «የእነሱ ኩባንያ ሁለት ሊቀ መንበር አለው፤ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይተኛል» ይሉን ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ አይከፋውም። እንዲያውም በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ በዚህ የሚኮራ ይመስለኝ ነበር።

ስማችንን ያስጠራው የጾም ብስኩት ነው። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው፤ በኑግ ዘይት የተለወሰ፣ ሻይ ውስጥ ሲነከር የማይፈርስ ብስኩት። በቅበላ ሰሞን ፉርኖው አንድ ቀን ሥራ ያቆማል። የብስኩት መጋገሪያው ላሜራ ሁሉ በፈላ ውኃና በአመድ ይፈገፈጋል። ጋሼ ላሜራዎቹን አንድ በአንድ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸታል፤ ቅቤ ቅቤ ያለው እንደገና ይታጠባል። የተረፈው ቅቤ ጓዳ ገብቶ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ግን ከእኛ ጋር አይቀመጥም። አጠገባችን ሱቅ ያለው ሙስሊም የአገራችን ሰው ዘንድ ይሄዳል፤ እሱም እስከ ፋሲካ ድረስ ማንም ቢለምነው አያወጣውም። «እናንተ ስትጾሙ የምደክመው እኔ ነኝ» እያለ ያሾፍብናል። ጋሼም በረመዳን የማፍጠሪያ ዳቦውን አንድ ቀን እንኳ ሳያጓድል ያደርስለታል።

እኔ የአባቴ ብቸኛ ልጅ ነኝ። ፈረንጅ መነኩሴዎች ዘንድ አስገብቶኝ እንግሊዝኛና ታይፕ ተማርኩ። ስጨርስ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ ተሰጠኝ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማንኛውም ነገር በእኔ ዐይን ሳያልፍ ወደ ኩባንያው አይገባም ተባለ። አባቴ እንግዳ ሲመጣ ሆን ብሎ አንድ ወረቀት ያነሣና «ልጄ፣ እስቲ ይህን አንብቢልን» ይላል። ወረቀቱ የከረመ የማሽን መመሪያ ሊሆን ይችላል። እኔ አነባለሁ፣ እንግዳው ይደነቃል፣ አባቴ ወደ ጣራው እያየ ፈገግ ይላል። ያን ጊዜ ያሳፍረኝ ነበር። ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ቢደገምልኝ ምን በሰጠሁ።

ያን ዓመት የኑግ ዘይት ጠፋ። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የያዝነው ሊያልቅ ደረሰ። ጋሼ ከተማውን ሲያስስ ሰንብቶ ከአንድ አስመጪ መጋዘን የረጋ ዘይት በጣሳ አገኘ። ከመግዛቱ በፊት ግን አንዱን ጣሳ በጋቢው ሥር ይዞ ወደ ቢሮ መጣ። ቅዳሜ ነው፤ አባቴ ለጉዳይ ወጥቷል፤ ቢሮው ሊዘጋ ነው። እኔ የታጨሁት በዚያው ዓመት ነበር። እጮኛዬ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ የሰሜን ካህን ልጅ ነው፤ ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። በዚያ ቀን ሻይ እንጠጣ ብሎ ቀጥሮኝ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ ታኮ ጫማዬን እያደረግሁ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን አንብቢልኝ። የጾም ነው?» አለኝ።

የጣሳው ፊት ላይ ዘንባባ ተሥሏል። ከሥሩ በትልልቁ ከአትክልት የተሠራ ዘይት መሆኑ ተጽፏል። ቀና ብዬ አየሁና ነገርኩት።

«ጎኑስ?» አለ፣ ጣሳውን በአውራ ጣቱ እያዞረ።

«ያው ነው፣ ጋሼ» አልኩ። አላየሁትም። ዐይኔ ሰዓቴ ላይ ነበር።

ጋሼ ዘንባባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ለሆሳዕና የሚያዘው ዘንባባ ጣሳ ላይ መሳሉ ደስ ብሎታል። «እደጊልኝ» ብሎ መርቆኝ ወጣ። እኔም ወደ ሻዬ ሄድኩ፤ የተጨዋወትነውን አንዱንም አላስታውስም።

ባዶ ጣሳ እንደ ልማዳችን ለጎረቤት ይታደላል። ከጎረቤቶቻችን አንዱ እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ነበር፤ ሚስቱ ከእኛ በወሰደችው ጣሳ ጤና አዳም ተክላበታለች። አንድ እሑድ መምህሩ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ ሥራ ከማጣት የተነሣ፣ የጣሳውን ጎን አነበበ። ዘይቱ የወተት ቅቤ ተቀላቅሎበታል። ሰኞ ጠዋት ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጣሳውን ከነጤና አዳሙ ታቅፎ አባቴ ዘንድ መጣ። ጨዋ ሰው ነበርና በጆሮው ብቻ ነው የነገረው። እኔ ግን ጣሳውን ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ጣቶቼ ታይፑ ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ።

ከተማው የእኛን ስም አምኖ በሁዳዴ ቅቤ በላ። ይህ ዛሬ ለሚያነብ ሰው ቀላል ይመስል ይሆናል። ለአባቴ ግን ቤት እንደመቃጠል ነበር። ወዲያው የንስሐ አባታችንን አስጠርቶ ጠየቀ። እሳቸውም ሳያውቅ የበላ ሰው ዕዳ የለበትም ብለው አጽናኑት። አባቴ ግን የበሉት ባያውቁ እኛ ማወቅ ነበረብን እያለ ክፍሉን ይዞርበት ነበር።

ስብሰባው ለዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተጠራ። ጋሼ ሲገባ አባቴ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ጋሼ በሩ ላይ ቆም አለ። ወንበሩን አየ፣ አባቴን አየ። ከዚያ በቀኝ በኩል ያለውን ተራ ወንበር ራሱ ስቦ ተቀመጠ። የአክስታቸው ልጆች አቀረቀሩ። ጣሳው ጠረጴዛው መካከል ስለተቀመጠ ክፍሉ ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸታል። እኔ እስከ ዛሬ ጤና አዳም የገባበት ነገር አልቀምስም።

«ጋሼ፣ ይህን ጣሳ ማን አነበበልዎ?» አለ አባቴ። አንቱታው አልጎደለም።

እኔ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ግርጌ ተቀምጫለሁ። ጋሼ ወደ እኔ አልዞረም። ወደ እኔ ዞሮ ቢሆን ኖሮ እናገር ነበር እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ። እሱ ግን እንዳልናገር ብሎ ነው ያልዞረው።

«ዘንባባውን አይቼ ነው» አለ።

«ሰው አላስነበቡም?»

«አላስነበብኩም። ቸኩዬ ነው።»

አባቴ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር። ሳይነበብ ምንም ነገር ፉርኖ እንዳይገባ ስንት ጊዜ እንደተነጋገሩ አስታወሰ። ከዚያ በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። ሁለት እርምጃ ቢራመዱ ይቺ ልጅ ታነብልዎ ነበር፣ ያስተማርናት ለዚህ አይደለም ወይ አለ። ጋሼ እውነትህን ነው አለ። እኔ ይህንንም ጻፍኩ። «የፉርኖው ኃላፊ ጣሳውን ለማንም ሳያስነብቡ መግዛታቸውን አምነዋል» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ።

አባቴ ብስኩቱ ከየሱቁ እንዲሰበሰብ፣ ለሕዝቡ በግልጽ እንዲነገር፣ የፉርኖው ኃላፊም ከሥራ እንዲሰናበት ወሰነ። የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ፤ ግን ተናገረው። ሌላውን ሠራተኛ በሚያሰናብትበት ጥፋት ወንድሙን ካላሰናበተ ሊቀ መንበርነቱ ለስም ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር። እምነቱ ትክክል ነው፤ የሳተው ሰውየውን ነው።

መፈረም ሲመጣ ጋሼ እንደ ወትሮው አውራ ጣቱን አወጣ። ጣቱን ይዤ ቀለሙ ላይ የማስነካው እኔ ነኝ። ሳስነካው እጄን ጠበቅ አደረገው፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። እኔም ለመታዘዝ አልዘገየሁም።

ከቢሮው ወጥቶ ፉርኖው ውስጥ ገባ። ዳቦ የሚያወጣበትን ረጅም የእንጨት አካፋ ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ እሪ በከንቱ ወዳለችው ቤቱ ወረደ። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበታለች፤ ልጅ አልነበረውም።

ማስታወቂያውን ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አባቴ ኩሊ አስከትሎ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቸርችል ጎዳና ጫፍ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ብስኩቱን ሰበሰበ። እያንዳንዱ በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ጥፋቱን ራሱ ይናገራል። ሰዉ አልጨከነብንም። አንዱ ሻይ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ቀልደኛ «እኔም ጾሙ ሲጣፍጥብኝ ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ግን አልሳቀም። የጓዳውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለአባቴ አሳየውና እኔ የጠበቅሁት ቅቤ እዚያው አለ፣ ይሄኛው በየት ገባባችሁ እያለ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ቁልፉን ከዚያ ዓመት ወዲያ አልተቀበለም፤ ያስረከበኝ ሰው ከሌለ ማን ይረከበኛል አለ።

የሚያሳዝነው ነገር ከዚያ በኋላ ብስኩታችን ይበልጥ ተፈለገ። ጥፋቱን ራሱ ያወጀ፣ በገዛ ወንድሙ እንኳ የፈረደ ሰው ተብሎ አባቴ በየቦታው ተመሰገነ። ሌሎች ነጋዴዎች ሲጣሉ ዳኛ እንዲሆናቸው ይጠሩት ጀመር። ሲያመሰግኑት ወደ መሬት ያያል። እኔም አጠገቡ ሆኜ ወደ መሬት አያለሁ።

በሰሞነ ሕማማት እሪ በከንቱ ወረድኩ። ጋሼ ደጁ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጦ ነበር። ሕማማት ስለሆነ መሳሳም የለም፤ እጁን ልይዘው እንኳ አልቻልኩም። ለአባዬ ልነግረው ነው የመጣሁት አልኩት።

«ምን ብለሽ?»

«እኔ እንዳነበብኩልዎ።»

«አላነበብሽውማ» አለ። ሊነቅፈኝ አልነበረም፤ ነገሩን ሲያስተካክል ነው። ከዚያ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እኔ ፊደል አላውቅም። ብሳሳት ማንም አይገርመውም። አንቺን ግን ለማንበብ ነው ያሳደገሽ። ይሄን ከወሰድሽበት ምን ይቀረዋል?»

እኔ አለቀስኩ። እሱ ስለ ሰርጌ አነሣ፤ የካህን ቤት ልትገቢ ነው፣ አማቶችሽ ከተማውን በሁዳዴ ያስፈሰከች ብለው ይቀበሉሽ ወይ አለ። በስሜ ማዪልኝ አለኝ። እምቢ አልኩ። ደግሞ አለኝ። «ጋሼ ይሙት አልናገርም» ብዬ ማልኩለት። ስመለስ ዳገቱን የወጣሁት ቀለል ብሎኝ ነው። ይህን ለመጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር።

ለሰርጌ ጋሼ አልመጣም። በኮባ የተጋገረ ትልቅ ድፎ በባለሱቁ ጎረቤታችን እጅ ላከ። አባቴ ገና ሽፋኑ ሲገለጥ የማን እጅ እንደሆነ አወቀ። ባርከው እንዲቆርሱት ለሽማግሌዎች ሰጠና ከተቆረሰው አንድ ቁራሽ አንሥቶ በጓሮ በር ወጣ። ስፈልገው ግንቡ ሥር ቆሞ ብቻውን እየበላ አገኘሁት። ከነሙሽራ ልብሴ አጠገቡ ቆምኩ። ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም።

ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ ባለሱቁ ጎረቤታችንና የንስሐ አባታችን። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ላሜራ ሁሉ አሽትቶ የሚያሳልፍ ሰው ሳይጠይቅ ጣሳ ይገዛል ብዬ አላምንም፤ ያሳሳተውን ሰው ይንገረኝና እኔው ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ እወድቃለሁ አለ። ጋሼ ያሳሳተኝ የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወንድሜን አልተቀየምኩትም ብሎ መለሳቸው። በደለኛው እኔ ነኝ የሚልን ሰው ምን ብሎ ማስታረቅ ይቻላል? ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ተመለሱ። አባቴን ያመመው ስንብቱ ሳይሆን ይህ ሆነ። ከእኔ የሚበልጥበት፣ ከእኔ የሚሸሽገው ሰው አለው ብሎ አመነ። እውነቱን ነው፤ ነበረው።

ትልቁ ወንበር ባዶውን ቀረ። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ አልተቀመጠበትም፤ ሌላ ሰውም አላስቀመጠም። ተራው ወንበሩ ላይ ሆኖ ከጎን ይመራል። ራስጌው ክፍት የሆነ ጠረጴዛ ላይ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ኖርኩ። ልጆች ወለድኩ። በየፋሲካው ዘንድሮ እናገራለሁ እላለሁ፤ ፋሲካው ያልፋል፣ እኔም መሐላ አለብኝ ብዬ ዝም እላለሁ። መሐላው ለእኔ የተመቸ መሐላ ነበር።

ጋሼ በክረምት ሞተ። አባቴ ወሬውን ሲሰማ መኪና እስኪመጣ አልጠበቀም፤ በዝናብ፣ ያለ ባርኔጣ፣ ከፒያሳ እሪ በከንቱ በእግሩ ወረደ። ያንን የተከበረ ሰው ጭቃ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ለቅሶውን ሲያወጣ «ወንድሜ፣ ማንን ደብቀህብኝ ሄድክ» እያለ ነበር ደረቱን የሚመታው። ለቀስተኛው ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

በአርባው፣ የተዝካሩ እንግዳ ከተሸኘ በኋላ፣ ነገርኩት። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ጫማውን፣ ሰዓቱን፣ ሻዩን፣ እሪ በከንቱ የማልኩትን። አባቴ እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ጎኑን እንድታዪለት ጠይቆሽ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ጠይቀውኝ ነበር።»

ተነሥቶ ባርኔጣውን አደረገና ወንድሙ ወደተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እስኪመሽ አልተመለሰም።

በሚቀጥለው ስብሰባ አባቴ ቀድሞ ገብቶ ከተራው ወንበሩ ኋላ ቆመ። እሱ ሲቆም እኛም ቆምን። በሩን ያይ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ከአክስቱ ልጆች አንዱ ማንን ነው የምንጠብቀው ብሎ ጠየቀ። «ጋሼን» አለ አባቴ። እግራችን እስኪዝል ከቆምን በኋላ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ እኛም ተቀመጥን። እስከ መጨረሻው ስብሰባ ድረስ እንዲሁ አደረገ።

እኔን አልረገመኝም፣ አላባረረኝም። ቤቴ እየመጣ ይበላ ነበር፤ ልጆቼን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያጫውታል። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ፣ ይህን አንብቢልኝ» ብሎኝ አያውቅም። በእንግሊዝኛ የመጣ ደብዳቤ ሲኖር እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እያለሁ ጸሐፊውን ከታች ያስጠራል። ጸሐፊው ሲያነብ እኔ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። ቢገርፈኝ ኖሮ በአንድ ቀን ባለፈልኝ ነበር። ይህኛው ዓመታት ፈጀ።

ታምሞ ቤት በዋለበት ዓመት እኔ ነበርኩ የማስታምመው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ አዲስ መድኃኒት ልኮለት ጠርሙሱን ትራሱ አጠገብ አስቀመጥኩለት። አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አቀረበው፤ ዐይኑ እንደማያደርስለት ሁለታችንም እናውቃለን። ጸሐፊውን ላስጠራው ወይ ብዬ ተነሣሁ። እጁን ዘረጋና ጠርሙሱን ሰጠኝ።

«አንብቢልኝ» አለ።

ስሙን አነበብኩ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ አነበብኩ።

«ጎኑንም» አለኝ።

ጠርሙሱን አዞርኩት። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ በእንባ ውስጥ ሆኜ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከምን እንደተሠራ፣ የት አገር እንደተሠራ፣ ከፀሐይ ርቆ እንዲቀመጥ፣ ሕፃን እንዳይነካው። የቀረ ፊደል አልነበረም። አባቴ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን ብርድ ልብሱ ላይ እንደ መስመር እያንቀሳቀሰ ያዳምጣል።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ አባዬ።»

«ይቺን ታህል ናት» አለ። «ሻይሽ እንኳ አይቀዘቅዝም ነበር።»

መድኃኒቱን በማንኪያ ቀድቼ ሰጠሁት፤ ዋጠውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።